የውይይት ክር፦ ያረጀች ውሻ በጎንደር በአቅም የምትታከመው የት ነው?

መነሻ ጽሑፍ። ጠያቂው ከጎንደር መሃል ወጣ ብላ ያለችው የአዘዞ ሰው ነው። እናቱ ግቢ ያደገች፣ አሁን 11 ዓመት የሆናት ትልቅ የሸፐርድ ድቅል ውሻ አለችው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የኋላ እግሮቿ አልታዘዝ እያሏት ለመነሣት ትቸገራለች፤ ውሃ ከወትሮው አብዝታ ትጠጣለች፤ ምግብ ላይ ግን ቀዝቅዛለች። ቤት ድረስ የመጣ ባለሙያ የጠራው ዋጋ ከደመወዙ ጋር አልመጣጠን ብሎት ሳያሳክም ሸኝቶታል። ጥያቄው ሁለት ነው፤ ጎንደር ውስጥ በሚቻል ዋጋ ውሻ የሚያክም ማን አለ? ዕድሜዋ እዚህ ከደረሰ በኋላስ ማሳከሙ ትርጉም አለው ወይ? በመጨረሻው መስመር ላይ፣ እንደ ዋዛ፣ እስከዚያው ለሕመሟ ቤት ከተገኘ ዲክሎፌናክ፣ ከሰው የሕመም ማስታገሻ፣ ግማሽ ግማሽ ክኒን እየሰጣት መሆኑን ጨመረ። መድረኩን የማወያየው እኔ ስለሆንኩ ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ መላሾች ያቺን የመጨረሻ መስመር ያዩዋት አይመስለኝም።

1ኛ ምላሽ። በትሕትና የተጻፈ ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ለእናትየው ጤና ተመኝቶ፣ ጠያቂው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የማስተማሪያ ክሊኒክ እንዲሄድ መከረ። ምርመራው ላይ በመምህራን እየታዩ የሚማሩ ተማሪዎች ስላሉበት ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ቸኩሎ ከሚያያት ብዙዎች ተከራክረው ቢያዩአት ይሻላል ባይ ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ የሰጠው መልስ አጭር ነበር፤ እርጅና በሽታ አይደለም።

2ኛ ምላሽ። በሐሳቡ ተስማምቶ ማረሚያ አከለ። በከተማችን የእንስሳት ሐኪም ደጃፍ የሚሰለፈው በአብዛኛው በሬ፣ አህያና የጋሪ ፈረስ ነው፤ ውሻ እዚያ እንግዳ ናት። ስለዚህ ማልዶ መሄድ፣ አጠር ያለ ጠንካራ ገመድ መያዝ፣ አፏን ለስለስ ባለ ጨርቅ ማሰርና የክትባት ካርዷን አለመርሳት ያስፈልጋል። በሕይወቷ ማንንም ነክሳ የማታውቅ ውሻም ሕመም ላይ ስትሆን የባለቤቷን እጅ ልትይዝ እንደምትችል ከራሱ ቤት ምሳሌ ሰጥቷል፤ ዝርዝሩን ልለፈው።

3ኛ ምላሽ። ይህች የማራኪ ሰፈር ነዋሪ ናት። ሁለቱም መላሾች ዋናውን ወጪ ረስተውታል አለች። ባጃጅ ውሻ አይጭንም። ጭኖ ከተገኘም በኮንትራት ነው፤ ሾፌሩ ወንበሩ ይሸታል፣ ቀጣዩ ተሳፋሪ ይሸሻል ብሎ ዋጋውን እጥፍ ያደርገዋል። እሷ ባለፈው ዓመት ለመመላለሻ ያወጣችው ገንዘብ ለምርመራና ለመድኃኒት ከከፈለችው በልጦባታል። ከአዘዞ ደግሞ ይብሳል። በእኔ ግምት የክሩ ቁም ነገር እዚህ ምላሽ ውስጥ ነበር፤ ግን እስከ 33ኛው ምላሽ ድረስ ማንም አላነሣውም።

4ኛ ምላሽ ስለ ክብደት ነው። የትኛውም መድኃኒት በኪሎ ስለሚሰላ ውሻዋ መመዘን አለባት፤ ትልቅ ውሻ የሚችል ሚዛን ከጠፋ ወፍጮ ቤት ይዟት ይሂድና እቅፍ አድርጓት እህል መመዘኛው ላይ ይቁም፤ ከዚያ የራሱን ክብደት ይቀንስ። ወፍጮ ቤቱ ውሻ ያስገባል ወይ የሚል ጥያቄ ወዲያው ተከተለና ጥቂት ሰዎች ስለ ወፍጮ ቤት ባለቤቶች ጠባይ ሲቀላለዱ ሰነበቱ። ቁጥራቸውን አልጠቅስም።

9ኛ ምላሽ ላይ የክሩ ድምፅ ተለወጠ። የእንስሳት ሐኪም መሆኑን የገለጸ ሰው ነው የጻፈው፤ አረፍተ ነገሮቹ አጫጭርና ቁጡ ናቸው። ዲክሎፌናኩ ዛሬውኑ ይቁም፣ አሁኑኑ። መድኃኒቱ ሕመም የሚያስታግሰው አንድን ንጥረ ነገር በመግታት ነው፤ ያው ንጥረ ነገር ግን የጨጓራን ግድግዳ ይጠብቃል፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደውንም ደም ያስተካክላል። ውሻ ለዚህ ከሰው ይልቅ ስስ ናት፤ ያረጀች ውሻ ደግሞ ኩላሊቷ አስቀድሞ ሊደክም ይችላል። አይቡፕሮፌንም እንደዚሁ ነው፤ ፓራሲታሞል ሲበዛ ጉበትንና ደምን ይጎዳል። ለውሻ የተጠኑ ማስታገሻዎች አሉ፣ ሜሎክሲካም አንዱ ነው፤ እሱም ቢሆን በክብደት ተለክቶ፣ ከዲክሎፌናኩ በኋላ ጥቂት ቀናት አልፈው፣ በሐኪም ትእዛዝ ነው። የእግር ሕመም ሁሉ ዴክሳሜታዞን በተባለ የስቴሮይድ መርፌ ይድናል የሚል ሰው ካጋጠመም፣ ይህ መርፌና እንደ ዲክሎፌናክ ያሉት ማስታገሻዎች በአንድነት ሲሰጡ ጨጓራን እንደሚያቆስሉ አስጠነቀቀ። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ጠየቀ፦ ሰገራዋ ምን ይመስላል? ወንድ ከፈለገች ስንት ጊዜ ሆናት? ከማህፀኗ የሚወጣ ፈሳሽ አለ?

10ኛ ምላሽ። አንድ ሰው የእሱ ውሻ ዲክሎፌናክ ወስዶ እስከ ዛሬ በሕይወት እንዳለ፣ ሐኪሞች ሰውን ማስፈራራትና ወደ ኪሳቸው መሳብ እንደሚወዱ ጻፈ። ክሩ ላይ እስከዚህ ድረስ ሁሉም እርስዎ ሲባባል ነበር፤ ይህ ሰው ሐኪሙን ያለ አንዳች መሸጋገሪያ አንተ ብሎ ወረደ።

11ኛ ምላሽ። ሐኪሙም እርስዎነቱን ሳይለቅ መለሰለት፤ ለእኔ ይህ ከስድብ የበለጠ ያቃጥላል። ከአንድ መንደር አንድ ሰው ገደል ገብቶ ስለተረፈ ገደሉ መንገድ አይሆንም ካለ በኋላ ማንም ያልጠበቀውን ነገር አነሣ። በደቡብ እስያ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጥንብ አንሣዎች በጅምላ ያለቁት በዚሁ ዲክሎፌናክ ነው። መድኃኒቱ ለከብት ይሰጥ ነበር፤ ከብቱ ሲሞት ሥጋውን የበሉት አሞሮች ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ሞቱ። ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል በ2006 ለእንስሳት እንዳይውል ከለከሉት። ዓመተ ምሕረቱ በፈረንጆች ነው።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ሰሜን ተራሮች አመራ። የደባርቅ ሰው ነኝ ያለ አንድ አስተያየት ሰጪ አጥንት ከሰማይ ወርውሮ ድንጋይ ላይ የሚሰብረውን ትልቁን አሞራ በልጅነቱ እንዴት ይመለከት እንደነበር በሰፊው ተረከ። ውብ ጽሑፍ ነው፤ ከውሻ ጋር የሚያገናኘው ግን አጥንቱ ብቻ ነው። 12ኛውንና 13ኛውን እንዳሉ ትቻቸዋለሁ።

14ኛ ምላሽ። የሚጠበቀው መጣ። ከየቀዬው ተፈናቅሎ የመጣ ሰው በሞላበት ከተማ፣ ለሕፃን ሽሮፕ መግዣ ባጣ ሕዝብ መካከል ስለ ውሻ ጉልበት ማውራት ነውር ነው ተባለ። አጻጻፉ ስለታም ቢሆንም ሐሳቡን ለመሰረዝ እጄ አልሄደም፤ ብዙ ሰው በልቡ የሚለውን ነው በአደባባይ ያወጣው።

15ኛ ምላሽ። በዕድሜ የገፉ የሚመስሉ አባት መለሱ፤ አልተቆጡም። ልጆቻቸው በየአገሩ ተበትነው እሳቸው ግቢ ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። ሌሊት ጅብ ከአጥር ሲደርስ፣ ሌባ መዝጊያ ሲነካ የሚያነቃቸው ውሻ ነው። ዘበኛ ለመቅጠር ጡረታቸው አይችልም። የ14ኛውን ተናጋሪ ርኅራኄ አክብረው፣ ውሻን ማሳከም ለእሳቸው ቅንጦት ሳይሆን የቤት ወጪ እንደሆነ አስረዱ። እስካሁን የጠበቀቻቸውን እንስሳ አሁን ቢጥሏት ግን ከማን ፊት እንደሚቆሙ አላውቅም ብለው ጨረሱ።

16ኛ ምላሽ ሌላ በር ከፈተ። የውሻ ሕክምና የሰው ሕክምና ነው የሚል ነው። በዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ ከሚያዙ ሰዎች 99 በመቶ ያህሉ በሽታውን የሚያገኙት ከውሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ያረጀ ውሻ ከቤት አይወጣም ተብሎ ዓመታዊ ክትባቱ አይዘለልም፤ ያበደ ውሻ አጥር ዘልሎ ሊገባበት ይችላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። አንዲት ሴት ስለ ጠበልና ስለ ሥር መድኃኒት ጠየቀች። መላሹ በእምነቷ አልገባም፤ ግን ክትባቱ ይቅደም፣ ጠበሉ አይከለክለውም አላት። እኔ በበኩሌ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኝም።

18ኛ ምላሽ የሐኪሙን ሦስተኛ ጥያቄ የተከተለ ነው፤ ከሁሉም የከበደኝም እሱ ነው። ጸሐፊዋ የቁስቋም አካባቢ ሴት ናት። የእሷም ውሻ እንዲሁ ውሃ ታበዛ ነበር፤ ወንድ ከፈለገች ጥቂት ሳምንት አልፏት ነበር፤ ምግብ ተወች፤ ሆዷ ተነፋ። ቤተሰቡ ሁሉ እርጅና ነው ተባብሎ ተወው። ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ማህፀኗ መግል ሞልቶ ነበር፤ ቀዶ ሕክምናውን የሚችል ደም አልቀራትም። ሐኪሙ ቀጥሎ ገባና ይህ ነገር ባልመከኑና ዕድሜያቸው በገፋ ሴት ውሾች ላይ እንደሚበዛ፣ አንዳንዴ ፈሳሹ ወደ ውጭ ስለማይወጣ የሚያስታውቀው የውሃ ጥማቱ ብቻ ሊሆን እንደሚችል አብራራ። በወጣትነቷ ማምከን ይህንን ከነጭራሹ ያስቀራል፤ ከመጀመሪያው የወንድ መፈለጊያ ጊዜ በፊት ከሆነ የጡት ዕጢንም በእጅጉ ይቀንሳል። የማምከኑ ዋጋ ከድንገተኛው ቀዶ ሕክምና ጋር አይወዳደርም። በቁጠባ ስም የምንዘልላቸው ነገሮች ኋላ በእጥፍ ያስከፍላሉ ብሎ ለማለት የደፈረ ሰው አልነበረም፤ እኔ ግን ክሩን ሳነብ ደጋግሞ የታየኝ ይህ ነው።

20ኛ ምላሽ። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር የጎንደር ልጅ እዚያ ለውሻ የጤና መድን እንደሚገባ ጻፈ። የመገጣጠሚያ ማጠንከሪያ ክኒን በሰው እልካለሁም አለ። ሐኪሙ አመስግኖ የዚያ ክኒን ጥቅም ብዙም እንዳልተረጋገጠ፣ ከክኒኑ ይልቅ ሲሚንቶ ላይ እንዳትተኛ ማድረጉ እንደሚበልጥ ነገረው። ጭድ የተሞላ ጆንያ፣ ከዝናብና ከነፋስ የተከለለ ጥግ፣ የሚያንሸራትተው ወለል ላይ አሮጌ ምንጣፍ፣ የተቆረጠ ጥፍር፣ በቀን ሁለት ሦስቴ አጭር የእግር ጉዞ፤ እነዚህ ገንዘብ አይጠይቁም። የጎንደር ክረምት ደግሞ ለመገጣጠሚያ ምሕረት የለውም።

ከ21 እስከ 26 ያሉት ስለ ምግብ ናቸው፤ እዚህ ላይ ሁሉም ሊቅ ሆነ። አንዷ ውሻዋ ከቤተሰቡ ወጥ እየተቀነሰ፣ በእንጀራ እየተፈተፈተ እንደሚበላ በኩራት ስትጽፍ ሐኪሙ ሽንኩርቱን አነሣባት። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ መቀቀል መርዙን አያጠፋውም። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት ወጥ አይደለም። አንድ የአራዳ ነዋሪ በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ አጥንት እንደሚጠፋና ውሾቹ በሽሮ እንደሚከርሙ አማረረ። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ ሽንኩርቱ ከመግባቱ በፊት የተቀቀለውን ምስር ወይም ድንች ቀንሶ ለውሻዋ ማስቀመጥ። የዶሮ አጥንት ሲበስል ስለታም ሆኖ ይሰነጠቃልና አይሰጥም። ለበዓል በግ ግቢ ውስጥ ሲታረድ ሳንባና ጉበቱን ጥሬውን ለውሻ የሚወረውሩም ተወቀሱ። ውሃ የቋጠረ እባጭ ያለበትን ሳንባ የበላ ውሻ የትሉን እንቁላል በሰገራው ያወጣል፤ እንቁላሉ ወደ ሰው አፍ ከገባ ያው እባጭ በሰው ጉበት ላይ ያድጋል። እዚህ ላይ 14ኛው መላሽ፣ ያ ተቆጪው፣ ተመልሶ መጥቶ ስለዚህ በሽታ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ሲከራከር አላየሁትም።

27ኛ ምላሽ። ጠያቂው ተመለሰ። የውሻዋ ሰገራ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ እንደነበር፣ እሱ ግን ጉበት ስለበላች ነው ብሎ እንዳለፈው ጻፈ። ሐኪሙ ጥቁሩ የተፈጨ ደም መሆኑን ሲነግረው ጠያቂው በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ወስዷታል። ማህፀኗ ደኅና ነው። ጨጓራዋ ግን ደምቷል፤ ዲክሎፌናኩ ቆሞ የጨጓራ መድኃኒት ተጀመረላት። ደም ለመመርመር ገንዘብ ስላልበቃው መጀመሪያ ሽንቷ ታየ። ሽንት ኩላሊት ውሃን አጥብቆ መያዝ መቻል አለመቻሉን በትንሽ ወጪ ይጠቁማል፤ የእሷ ቀጥኖ ተገኝቷል፤ ስለዚህ የደም ምርመራው ለሚቀጥለው ደመወዝ ተቀጠረ። ሁለት ቀን ቆይታ ምግብ ቀምሳለች። እግሯ እንደነበረ ነው።

29ኛ ምላሽ ከዚሁ ተነሥቶ ስለ ዋጋ ጻፈ፤ ለኪስ ከሁሉም የሚጠቅመው እሱ ነው። እሱ አንድ ቦታ፣ ስሙን አልጠራውም፣ ዋጋ ሳይነገረው መርፌ በመርፌ ተደርቦበት ወጥቷል። አሁን ከማናቸውም ነገር በፊት ሐኪሙን ዛሬ ካልተደረገ የሚጎዳት የትኛው እንደሆነ፣ ወር ቢቆይ የማይከፋው የትኛው እንደሆነ ይጠይቃል፤ ያለውን ገንዘብም ሳያፍር ይናገራል። የመድኃኒቱን ስም በወረቀት ያስጽፋል። መንገድ ሲዘጋ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መድኃኒት ስለሚጠፋ ምትኩንም አብሮ ያስጽፋል። መልካም ሐኪም በዚህ አይቀየምም፤ የተቀየመ ካለም ሌላ ሐኪም መፈለግ ነው።

31ኛ ምላሽ ማንም ሊያነሣው ያልፈለገውን አነሣ፤ የማትድን ከሆነችስ? አንዱ ሩቅ ወስዶ መጣል የተለመደ መሆኑን በቀላሉ ጻፈ። አንዲት ሴት ይህን ከጭካኔ ሁሉ የከፋ አለችው፤ ያልተጠቀመችበት የስድብ ቃል አልቀራትም፤ ሁለቱን ቃላት እኔ አውጥቻለሁ። ሐኪሙ በሁለቱ መካከል ገባ። በማደንዘዣ አስተኝቶ ያለ ሥቃይ ማሳረፍ የሙያው አካል ነው፤ መርዝ ግን አይደለም። መርዝ ሥቃዩ ረጅም ነው፤ በሬሳውም ሌላ እንስሳ ይመረዛል። መቼ ነው የሚባለውን ለመወሰን ባለቤቱ ካላንደር ላይ መልካሙንና ክፉውን ቀን እየለየ ምልክት ያድርግ፤ ክፉዎቹ ሲበዙ ራሱ ያውቀዋል። የአዘዞዋ ውሻ ገና እዚያ አልደረሰችም አለ።

33ኛ ምላሽ። የማራኪዋ፣ ያቺ ባጃጁን ያነሣችው፣ እንደገና ጻፈች። አምስት ቤት ተሰባስቦ ሐኪሙን ወደ አንድ ግቢ ቢጠራው የአንድ መንገድ ወጪ ለአምስት ይከፈላል፤ ክትባቱም የትል መድኃኒቱም በአንድ ቀን ያልቃል። እኔም እዚህ ላይ ገብቼ ሐሳቡን ከክሩ አናት ላይ ሰካሁት። ሐኪሙ ፈቃደኛ ነው፤ ቅዳሜ ግን ገበያ ስለሆነ ከብት ይዞ የመጣው ገበሬ ሁሉ ይይዘዋል፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይሻለዋል።

ከዚያ ስም አወጣጡ ላይ ጠብ ተነሣ። አንዱ የውሻ ዕቁብ እናቋቁም አለ፤ በየወሩ እየተዋጣ፣ ዕጣ የወጣለት ያሳክም። ሌላው ሕመም ዕጣ ጠብቆ አይመጣም፣ የሚያስፈልገው እድር ነው አለው። ሦስተኛው ለውሻ እድር ከተባለ በሰፈር መሳቂያ እንሆናለን ብሎ ፈራ። አባትየው፣ የ15ኛው መላሽ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን ገንዘቡን የሚይዘው ማን እንደሆነ ይታወቅ አሉ። 38ኛው ምላሽ ላይ ለገንዘብ ያዥነት ሦስት ሰው ራሱን አጨ፤ 39ኛው ሦስቱንም አላምንም አለ።

ስለዚህ እንደ አወያይ ወሰንኩ፤ መዋጮ የለም፣ እያንዳንዱ ቤት ድርሻውን እዚያው ለሐኪሙ በእጁ ይሰጣል። ከአዘዞ ሦስት፣ ከማራኪ ሁለት ቤት ተመዝግቧል። ድመት ይቆጠራል ወይ ለሚለው የ41ኛው ጥያቄ ሐኪሙ ይቆጠራል ብሏል፤ በጆንያ ሳይሆን በተሸፈነ ቅርጫት ይምጣ።